«የተሳተፈችበት»፦ ካሮን ዊለር ከላቨርስ ሮክ እስከ ሶል ቱ ሶል

በጁን 1989 የብሪታንያን የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ አናት ይዞ አራት ሳምንት በቆየው ሸክላ ላይ ሁለት ስሞች ታትመው ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው «ሶል ቱ ሶል» የሚለው የቡድኑ ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው «ካሮን ዊለር የተሳተፈችበት» የሚል ተቀጥላ ነው። «ባክ ቱ ላይፍ» የተሰኘው ይህ ዜማ ሲጀምር ግን ከበሮም ባስም አይሰማም፤ የተነባበረ የሴት ድምፅ ብቻውን አዝማቹን ያወርዳል፣ ራሱ ይቀበላል፣ ከበሮው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዘፈኑን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሲያስታውሰው ቀድሞ የሚመጣለት ያ አገባብ ነው። በመለያው ላይ እንግዳ፣ በአድማጩ ጆሮ ግን ባለቤት የሆነው ይህ ድምፅ ከየት እንደመጣና ለምን እንግዳ እንደተባለ ለመረዳት፣ ከዚያ ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ወደኋላ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለንደን መመለስ ያስፈልጋል።

ካሮን በ1963 ለንደን ውስጥ ከጃማይካውያን ወላጆች ተወለደች። ገና ተማሪ ሳለች ከፖውሊን ካትሊንና በኋላ ኮፊ በሚለው የመድረክ ስሟ ከታወቀችው ከካሮል ሲምስ ጋር «ብራውን ሹገር» የተባለ የሦስት ልጃገረዶች ቡድን አቋቋመች። በ1977 «አይም ኢን ላቭ ዊዝ ኤ ድሬድሎክስ» የተሰኘውን፣ ስለ አንድ ባለድሬድ ወጣት ፍቅር የሚያወራውን ዜማ ቀረጹ። ዜማውን ያሳተመው ዴኒስ ሃሪስ የተባለ አሳታሚ በብሮክሊ ሠፈር ያቋቋመው አነስተኛ የሸክላ ድርጅት ነበር። በስቱዲዮው ፕሮዲውሰሩ ዴኒስ ቦቬልና ጊታሪስቱ ጆን ክፓዬ ይሠሩ ነበር፤ የድርጅቱ ስምም «ላቨርስ ሮክ» ነበር። ዛሬ ይህ ስም የአንድ ሙሉ የሙዚቃ ዘይቤ መጠሪያ ነው፤ ካሮንም ወደ ሙዚቃ የገባችው ዘይቤው ስሙን ባገኘበት በር ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ሬጌ ሲባል ቶሎ የሚያስበው ሌላውን ወንዝ ነው፦ ከራስ ተፈሪያውያን እምነት የተቀዳውን፣ ትንቢትና ስደት የሚያነሳውን፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የለበሰውን የወንዶች ሬጌ። ከ1930 ንግሥ በፊት የአንድ ኢትዮጵያዊ መስፍን ማዕረግና ስም የነበረው «ራስ ተፈሪ» በጃማይካ የእምነት መጠሪያ ሆኖ፣ ከዚያ ደግሞ በለንደን የወጣት ልጅ ፀጉርና አለባበስ ሆኖ መታየቱ ለእኛ እንግዳም ቅርብም የሆነ ታሪክ ነው። ላቨርስ ሮክ ከዚያ ሬጌ ባሱንና የከበሮውን አካሄድ ተቀብሎ፣ በላዩ ላይ የአሜሪካን የሶል ዜማ አስቀመጠ፤ አውራጆቹ ደግሞ አብዛኞቹ እንግሊዝ አገር የተወለዱ ልጃገረዶች ነበሩ። በ1975 ሉዊዛ ማርክ የተባለች የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ ለፕሮዲውሰሩ ሎይድ ኮክሶን በዘፈነችው «ኮት ዩ ኢን ኤ ላይ» መንገዱ ተከፈተ። የብራውን ሹገር ዜማ ታዲያ ሁለቱን ወንዞች የሚያገናኝ ነበር፤ ባለድሬዱ በወንዶቹ ሬጌ ነቢይ ነው፣ በልጃገረዶቹ ዘፈን ግን የሠፈር ልጅ፣ የሚወደድና የሚናፈቅ ሰው ነው።

ይህን ሙዚቃ ከፖለቲካ የሸሸ የልጆች ፍቅር አድርጎ ማየት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር፤ እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ዜማው በወጣበት በ1977 ኦገስት ውስጥ ናሽናል ፍሮንት የተባለው የዘረኞች ፓርቲ ከብሮክሊ ጥግ በሆነው በሉዊሻምና በኒው ክሮስ በኩል ሰልፍ ወጥቶ ከተቃዋሚዎቹና ከፖሊስ ጋር ከባድ ግጭት ተፈጥሯል። ፖሊስ በጥርጣሬ ብቻ ወጣት ጥቁሮችን እንዲያስር የሚፈቅደው የ1824 ሕግም በሥራ ላይ ነበር። ብራውን ሹገርም «ብላክ ፕራይድ» የሚል ዜማ ነበራቸው። በዚያ ሠፈርና በዚያ ዓመት አንዲት ጥቁር ልጃገረድ ባለድሬድ መውደዷን በአደባባይ መዝፈኗ ራሱ አቋም ነው።

የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ይህን ሙዚቃ ብዙም አያሰሙም ነበር። ጃኔት ኬይ በ1979 «ሲሊ ጌምስ» በተባለው የዴኒስ ቦቬል ዜማ የብሪታንያ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ መድረሷ የሚጠቀሰው ከልማዱ የወጣ ስለነበር ነው። ሙዚቃው የሚደመጠው በየቤቱ ምድር ቤት በሚደረጉ የሌሊት ግብዣዎችና «ሳውንድ ሲስተም» በሚባለው ተቋም ነበር። ሳውንድ ሲስተም ማለት የድምፅ ማጉያ ዕቃ ብቻ ማለት አይደለም፤ በእጅ የተሠሩ ቁምሳጥን የሚያካክሉ ሳጥኖች፣ እነሱን የሚሸከሙ፣ ሽቦ የሚዘረጉ፣ ሸክላ የሚመርጡና በማይክሮፎን ሕዝቡን የሚያነቃቁ ሰዎች ያሉበት፣ የራሱ ስምና ደጋፊ ያለው ማኅበር ነው። ስሙ የሚጠራው የማኅበሩ ነው፤ በማይክሮፎኑ ላይ የሚቆመው ሰው ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ሊሆን ይችላል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ወደፊት በካሮን ጉዳይ ላይ ወሳኝ ትሆናለች።

የላቨርስ ሮክ ድምፃዊት ከዚህ አዳራሽ የምትማረው ነገር አለ። ባሱ ደረት በሚመታበት ቦታ ጮሆ ማሸነፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ድምፅ ከባሱ ጋር አይታገልም፣ ከበላዩ ይንሳፈፋል። ከምቱ ጥቂት ዘግየት ብሎ ይገባል፣ ቃሉን ቀለል አድርጎ ይለቃል፣ ስሜቱን በጩኸት ሳይሆን በመተንፈሻው ቦታ ያስቀምጣል። ሦስት ልጃገረዶች አብረው ሲዘፍኑ ደግሞ አንዷ ስታወርድ ሁለቱ ይቀበላሉ፣ ቦታም ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው አውራጅም ተቀባይም ሆነው ያድጋሉ። ካሮን በ1989 በአንድ ሸክላ ላይ ሁለቱንም ሆና የተሰማችው ይህን ሁሉ በልጅነቷ ስለተማረችው ነው ብዬ አምናለሁ።

ብራውን ሹገር ከተበተነ በኋላ ካሮን ከክላውዲያ ፎንቴይን ጋር «አፍሮዲዚያክ» በሚል ስም የስቱዲዮ ተቀባይ ሆነች። ሁለቱ በ1983 በእንግሊዛዊው ዘፋኝ በኤልቪስ ኮስቴሎ «ኤቭሪዴይ አይ ራይት ዘ ቡክ» ላይ ይሰማሉ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጄሪ ዳመርስ በደረሰው፣ ኮስቴሎ ፕሮዲውስ ባደረገውና «ዘ ስፔሻል ኤኬኤ» የተባለው ቡድን በተጫወተው «ፍሪ ኔልሰን ማንዴላ» ላይ ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ዘፈኑ በብሪታንያ ዘጠነኛ ደረጃ ደርሷል፤ ማንዴላ ያን ጊዜ ገና ስድስት ዓመት እስር ይቀራቸዋል። ይህን ሸክላ ዛሬ የሚሰማ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፦ ዘፈኑ የሚጀምረው መሣሪያ ሳይገባ፣ የተቀባዮቹ ድምፅ ብቻውን አዝማቹን ሲያሰማ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ«ባክ ቱ ላይፍ» መግቢያ ላይ የምናገኘው ብልሃት ይኸው ነው። በ1984 ግን እነዚያን ድምፆች በስም የሚያውቃቸው አድማጭ እጅግ ጥቂት ነበር። የስቱዲዮ ተቀባይ ሥራ እንዲህ ነው፤ ተጠርቶ ይመጣል፣ ይዘፍናል፣ የተስማማበትን ክፍያ ተቀብሎ ይሄዳል፣ ሸክላው ሚሊዮን ቢሸጥ ወይም ሳይሸጥ ቢቀር ለእሱ ሁለቱም አንድ ነው።

በዚያው ዘመን በሰሜን ለንደን ትሬቨር ቤሪስፎርድ ሮሚዮ፣ በሙያ ስሙ ጃዚ ቢ፣ ሶል ቱ ሶል የተባለውን ሳውንድ ሲስተም ያንቀሳቅስ ነበር። ወላጆቹ ከአንቲጓ የመጡ ሲሆኑ፣ እሱ ያደገው በሬጌው የሳውንድ ሲስተም ባህል ውስጥ ነው፤ የሚያሰማው ግን ሬጌ ብቻ ሳይሆን ፈንክ፣ ሶልና ሂፕ ሆፕ ጭምር ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ያን ጊዜ ኮቨንት ጋርደን ኪንግ ስትሪት ላይ ይገኝ በነበረው አፍሪካ ሴንተር የእሑድ ምሽቶች ዝግጅት ጀመረ። ያ ሕንፃ በ1964 በኬኔት ካውንዳ ተመርቆ የተከፈተ፣ የአፍሪካ ስደተኞችና ምሁራን መሰብሰቢያ የነበረ ቦታ ነው፤ በእሑድ ምሽት ግን ጥቁሩም ነጩም የለንደን ወጣት በረጅም ወረፋ የሚገባበት አዳራሽ ሆነ። ከብሪስቶል «ዋይልድ በንች» ሳውንድ ሲስተም የመጣው ኔሊ ሁፐር ተቀላቀለ፤ ካምደን ውስጥ የቡድኑን ልብስና ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ተከፈተ፤ የሸክላ ኩባንያው የቨርጂን አካል የነበረው «ቴን ሬከርድስ» አስፈረማቸው። ፊርማው የተፈረመው ግን በሳውንድ ሲስተሙ ስም ነው፣ ድምፃዊዎቹ እንደ ዘፈኑ ፍላጎት ይጠራሉ። በ1988 የወጣው የመጀመሪያ ዜማቸው «ፌርፕሌይ» የተዘፈነው በሮዝ ዊንድሮስ ነበር፣ ሁለተኛው በዶሪን። ካሮን የተጠራችው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ጊዜው አሲድ ሃውስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ ዘመን ነበር፤ በየመጋዘኑና በየሜዳው የሚጨፈረው ሙዚቃ በደቂቃ ከ120 ምት በላይ ይሮጥ ነበር። «ኪፕ ኦን ሙቪን» በማርች 1989 ሲወጣ ፍጥነቱ ከዚያ እጅጉን የቀዘቀዘ ነበር፤ የሂፕ ሆፕ ከበሮ፣ የሬጌ ባስ፣ በላዩ ደግሞ ባለአውታር ሙዚቀኞች። አውታሮቹን የተጫወተው ቀድሞ በሬጌ ቡድኑ በስቲል ፐልስ ውስጥ የነበረው ሚካኤል ራይሊ ያቋቋመው «ሬጌ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ» ነው፤ ስሙ እንደሚያመለክተው የሬጌ ሰዎች የምዕራቡን ክላሲካል መሣሪያ በእጃቸው ያስገቡበት ቡድን ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ካሮን አትቸኩልም። ከበሮው አንድ ቦታ ላይ ይመላለሳል፣ አውታሮቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ እሷ ደግሞ በብሮክሊ እንደተማረችው ከምቱ ወደኋላ ተደግፋ ትዘፍናለች። ዜማው በብሪታንያ አምስተኛ፣ በአሜሪካ አጠቃላይ ሰንጠረዥ አሥራ አንደኛ ሆነ።

«ባክ ቱ ላይፍ» በመጀመሪያ በአልበሙ ውስጥ የወጣው በአብዛኛው ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ ነበር። ለነጠላ ሸክላ ሲታሰብ እንደገና ተሠራ፤ አዝማቹ ተጠናከረ፣ ከበሮና አውታር ገባበት። በብሪታንያ አንደኛ፣ በአሜሪካ አራተኛ ደረጃ የደረሰው ይህ ቅጂ ነው። የሸክላ ነጋዴዎች ልማድ አንድን ዘፈን ሠርቶ ድምፁን እያነሱ የመሣሪያ ቅጂ ማውጣት ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ነገሩ ተገለበጠ፤ ድምፁ ብቻውን ቆሞ መገኘቱ ተረጋገጠና ከበሮው ተጨመረለት።

እዚህ ላይ የወረቀቱን ነገር ማንሳት ግድ ነው። በብሪታንያ አሠራር ከአንድ ዘፈን የሚገኘው ገንዘብ በሁለት ቦይ ይፈስሳል፤ አንደኛው ለግጥሙና ለዜማው ደራሲዎች፣ ሁለተኛው ለቀረጻው ባለቤቶች። «ኪፕ ኦን ሙቪን» በደራሲነት የተመዘገበው በጃዚ ቢ ስም ብቻ ነው። በ«ባክ ቱ ላይፍ» ግን አራት ደራሲዎች አሉ፦ ጃዚ ቢ፣ ካሮን ዊለር፣ ኔሊ ሁፐርና ሳይመን ሎው። የሁለቱ ዘፈኖች ድምፃዊት አንዲት ሴት፣ ዓመቱም አንድ ሲሆን፣ በአንደኛው ዘፈን ከደራሲነት ቦይ የሚደርሳት የለም፣ በሁለተኛው ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር ድርሻ አላት። በዚያ ላይ፣ ሸክላ በሬዲዮና በየአዳራሹ ሲሰማ ተጫዋቾችና ድምፃዊያን ፍትሐዊ ክፍያ የማግኘት ሕጋዊ መብት በብሪታንያ የተደነገገው በ1996 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ክፍያ በመልካም ፈቃድ የሚሰጥ ነበር። አንድ ሰው ድምፁ በየዕለቱ በየአገሩ እየተሰማ ሕጉ የማያውቀው ሆኖ ሊኖር ይችል ነበር።

ይህን ስል ካሮን የከፋው ዕጣ እንደደረሳት ማስመሰል አልፈልግም፤ የባሰውን ለማየት ጥቂት ወር መጠበቅ ይበቃል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ብላክ ቦክስ የተባለው የጣሊያን ቡድን «ራይድ ኦን ታይም» በተሰኘ ዜማ በብሪታንያ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። የሚሰማው ድምፅ ከአሜሪካዊቷ ሎሊያታ ሆሎዌይ የቆየ ዘፈን ተቆርጦ የተወሰደ ሲሆን፣ በምስሉ ላይ ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰው ግን ሌላ፣ የሞዴልነት ሥራ የምትሠራ ወጣት ነበረች። ክርክር ሲነሳ ዘፈኑ እንደገና በሄዘር ስሞል ድምፅ ተቀረጸ፤ ስሞልም ያን ጊዜ በስም አትታወቅም፣ ታዋቂነቱ የመጣላት በኋላ ኤም ፒፕል በተባለው ቡድን ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ስሟ በሸክላው ላይ የታተመ፣ ፊቷ በቪዲዮው የታየ፣ በአንዱ ዘፈን ደራሲነቷ የታወቀላት ካሮን ዕድለኛ ነበረች ማለት ይቻላል። «የተሳተፈችበት» የሚለው ቃል ለብዙዎች ሕልም ነበር፤ ለእሷ ጣሪያ ሆነ።

በፌብሩዋሪ 1990 «ባክ ቱ ላይፍ» በአር ኤንድ ቢ የቡድን ድምፃዊያን ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ። ሶል ቱ ሶል «አፍሪካን ዳንስ» በተባለው የመሣሪያ ቅንብሩም ሁለተኛ ግራሚ ወሰደ። ሽልማቱ በታወጀ ጊዜ ግን የካሮንና የቡድኑ መንገድ ቀድሞ ተለያይቶ ነበር። በ1989 መጨረሻ የወጣው «ጌት ኤ ላይፍ» የተዘፈነው በማርሻ ሉዊስ ሲሆን፣ በብሪታንያ ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል፤ በ1990 የወጣው ሁለተኛው አልበምም ያለ ካሮን አንደኛ ሆኗል። የሳውንድ ሲስተም ሕግ ትክክለኛነቱን አስመሰከረ፤ ስሙ እስካለ ድረስ ማይክሮፎኑን የሚይዝ አይጠፋም። እኔ የምከራከረው ከዚህ ጋር ነው። በሰንጠረዡ ቁጥር ከሄድን ሳውንድ ሲስተሙ አሸንፏል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የወጡት የሶል ቱ ሶል ዘፈኖች ሁሉ የሚለኩት በእነዚያ በሁለቱ ነው፣ ሁለቱም የእሷ ድምፅ ናቸው።

ካሮን በ1990 «ዩኬ ብላክ» የተሰኘ የመጀመሪያ የግል አልበሟን አርሲኤ በተባለው የሸክላ ኩባንያ አሳተመች። የአልበሙ ስም የተወሰደበት ዘፈን ከካሪቢያን የመጡትን ወላጆች ያስታውሳል፤ መንገዱ በወርቅ የተነጠፈ ነው ተብለው የመጡ፣ ብርድና ጥላቻ የጠበቃቸው፣ ልጆቻቸው ግን እዚያው ተወልደው እንግሊዛዊም ጥቁርም የሆኑ ሰዎች ታሪክ ነው። በብሮክሊ በ«ብላክ ፕራይድ» የተጀመረው ነገር እዚህ አድጎ ተገኘ። «ሊቪን ኢን ዘ ላይት» የተባለው ዜማም በብሪታንያ ከሃያዎቹ ውስጥ ገባ። እንደ ጆሮዬ ይህ አልበም ከሶል ቱ ሶል ሥራዎች ይልቅ ስለ ዘፋኟ ብዙ ይነግረናል፤ ግን ሬጌ፣ ሶልና የጭፈራ ሙዚቃ በየተራ ስለሚመጡበት የሬዲዮ ሰዎች የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጡት ለመወሰን የሚቸገሩበት ዓይነት ነው። ሳውንድ ሲስተም ያን ቅይጥ በአንድ ስም ጠቅልሎ ሊሸጠው ይችል ነበር፤ ብቻዋን ለቆመች ሴት ግን ተመሳሳዩ ነገር እንደ መዋዠቅ ተቆጠረ። በ1993 «ቢች ኦቭ ዘ ዋር ጎዴስ» የተሰኘ ሁለተኛ አልበም አወጣች፤ የመጀመሪያውን ያህል አልተሰማም።

የሶል ቱ ሶል ከበሮ ደግሞ የራሱን ጉዞ ቀጠለ። በ1990 «ዲኤንኤ» የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን፣ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሱዛን ቬጋ ያለ መሣሪያ የዘፈነችውን «ቶምስ ዳይነር» የ«ኪፕ ኦን ሙቪን»ን ከበሮ አስገቡበትና ያለ ፈቃድ አሳተሙት፤ ሙዚቃ ቤቷም ከመክሰስ ይልቅ ገዝቶ አወጣው፣ በብሪታንያም ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ካሮን የተለየችው ከበሮ ሌላ ብቸኛ ድምፅ ስር ገብቶ ሠራ ማለት ነው። ከዋይልድ በንች የተወለደው ማሲቭ አታክ የተባለ ቡድንም በ1991 በሻራ ኔልሰን ድምፅ «አንፊኒሽድ ሲምፓቲ»ን አወጣ፤ ኔልሰንም ከአንድ አልበም በኋላ የራሷን መንገድ ያዘች። የማኅበሩ ስም ይቀራል፣ ድምፃዊቷ ትሄዳለች።

የካሮን ታሪክ በመለያየት አልተዘጋም። ከዓመታት በኋላ ወደ ሶል ቱ ሶል የቀጥታ መድረክ ተመልሳ ከጃዚ ቢ ጋር በብሪታንያና በሌሎች አገሮች እነዚያን ሁለት ዘፈኖች ስትዘፍን ቆይታለች። ክላውዲያ ፎንቴይን በተቀባይነት ሥራዋ ቀጥላ በ1994 በፒንክ ፍሎይድ የኮንሰርት ጉዞ ላይ ዘፍናለች፤ በ2018 አርፋለች።

ኮፊ ግን የሄደችበት መንገድ ሌላ ነበር። ካሮን በሰንጠረዡ አናት ላይ በነበረችበት በዚያው በ1989፣ የልጅነት ጓደኛዋ በደቡብ ለንደን በፕሮዲውሰሩ በማድ ፕሮፌሰር አሪዋ ስቱዲዮ «ብላክ ዊዝ ሹገር» የተባለ አልበም ሠራች። በውስጡም ያን የባለድሬዱን ዘፈን፣ ሦስቱ ልጃገረዶች በ1977 ብሮክሊ ላይ የቀረጹትን፣ ብቻዋን እንደገና ዘፈነችው። ሸክላው በሬጌ ሱቆችና በላቨርስ ሮክ ወዳጆች ዘንድ ይፈለግ ነበር፤ ከዚያ ዓለም ውጭ እምብዛም አልወጣም። ሽፋኑ ላይ የታተመው የዘፋኝ ስም አንድ ነው፣ የራሷ የኮፊ።